ሹራቤን ይዛ ባህር ገባች

ትናንት ማታ የገዛሁት የኢንተርኔት ጥቅል ዛሬ ጠዋት አለቀ። የጨረስኩት እኔ አይደለሁም። የአክስቴ ልጅ ናት። እሷ ደግሞ ካሪቢያን ባህር ላይ ናት።

የደሴን የታህሳስ ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል። ፀሐይ መጀመሪያ የጦሳን አናት ታሞቃለች፤ እኛ ጋ ለመምጣት ግን ትግደረደራለች። እናቴ ቤት ቡና ልጠጣ ሄጄ፣ ጋቢዬን ደርቤ፣ በጋቢው ላይ የእናቴን ፎጣ ጨምሬ፣ ከሰሉን አቅፌው ልተኛ ምንም አልቀረኝም። መብራት የለም። ስልኬ መንጫጫት ጀመረች። ሰው የሞተ መስሎኝ ደንግጬ አየሁ። 47 ፎቶና 3 ቪዲዮ። ቁምጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ትንሽ ጃንጥላ የተሰካበት ብርጭቆ። ከሥሩ፦ «ክረምቱን አመለጥነው! እናንተስ እንዴት ናችሁ?»

ክረምቱን! በታህሳስ!

እናቴ «እነሱ ጋ ዝናብ ጣለ እንዴ?» አለች። ምን ታድርግ። እኛ ዘንድ ክረምት ሰኔ 26 ገብቶ መስከረም 25 ይወጣል። ታህሳስ 26 ላይ ጭራሽ በጋ ይገባል። «ዊንተር»ን «ክረምት» ብሎ የተረጎመልንን ሰው ባገኘው ሐምሌ ላይ ደሴ ጋብዤ፣ ጭቃ መሀል አቁሜ «በል ከየቱ ነው የምታመልጠው?» እለው ነበር። 6ኛ ክፍል ፈተና ላይ «ዊንተር ማለት ብርድ ያለው በጋ ነው» ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደርጎብኛል። ትክክል ነበርኩ። ዛሬም ትክክል ነኝ።

ላለማማት ያህል፣ የሷም ብርድ ቀላል አይደለም። ሚኒሶታ ነው የምትኖረው። ከዜሮ በታች 20 የሚወርድበት ቀን አለ፤ ሐይቁ ከመጠጠሩ የተነሳ ሰው በላዩ መኪና ይነዳል፣ በረዶውን በስቶ ዓሣ ያጠምዳል። ይህን ለአያ ስነግረው «ሐይቃችን ላይ ቢሞከር እስጢፋኖስ ገዳም ሳይደርሱ መስመጥ ነው» አለ።

አያ ጎረቤታችን ነው። ዕድሜውን የአሰብን መንገድ ሲነዳ የኖረ ሾፌር ነው። በባቲ ወርዶ፣ በሚሌ አልፎ፣ ጭነት እያመጣ ኖረ፤ በ1990 ጦርነቱ ሲነሳ መንገዱ ተዘጋ። ስለ መርከብ ሲወራ እሱ ነው ባለሙያው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አየና ጥያቄ ጀመረ።

«መርከቡ የት ነው የሚሄደው?»

«ከማያሚ ተነስቶ ደሴቶቹን ዞሮ በሳምንቱ ይመለሳል።»

«ምን ጭኖ?»

«ሰው።»

«ሰውዬው የት ይወርዳል?»

«ማያሚ።»

«የተሳፈረውስ?»

«ማያሚ።»

ቆሎውን መቆርጠም አቆመ። «አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» አለ።

እኔ ይህን ተረት እንዴት እንደምወደው! ሳስበው አባይ ያሳዝነኛል። ያን ሁሉ ውሃ ይዞ ማደሪያ የለውም፤ ግንዱንም የሚያሳርፍበት የለም። ተረቱን ያለ ቦታው ተናግሬ የተጣላሁት ሰው ብዙ ነው። አንዴ ሰርግ ላይ፣ ሙሽራው ከቤት ቤት ሲዞር የኖረ ልጅ ነበርና፣ ምርቃት መስሎኝ ሞቅ አድርጌ አልኩት። እነዚያ ቤት እስከ ዛሬ አልጠራም። እኔን ግን ተረቱ የሚያመኝ በሌላ ነው። በ9 ዓመት 5 ቤት ቀይሬያለሁ። የኔ ግንድ ቁም ሳጥኔ ናት። ያለፈው አከራዬ ግድግዳውን በራሴ ገንዘብ አስቀብቼለት፣ ቀለሙ ሳይደርቅ «ቤቱ አምሯልና ኪራዩ ይጨመር» አለኝ። ሳቅኩ። ሰውዬው አልሳቀም። ይህን ሳስብ ያ ሁሉ የካሪቢያን ፀሐይ አንድ ጊዜ ይጨልምብኛል። ለመዞር ብሎ ገንዘብ ከፍሎ የሚዞር ሰው አለ፤ እኛ በነፃ ያዞሩናል።

ምን እያልኩ ነበር? መርከቡ።

መርከቡን አልንቅም። የአክስቴ ልጅ የተሳፈረችበት ባይሆንም፣ አይከን ኦፍ ዘ ሲስ የሚባለው በኛ ጥር 2016 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞውን ሲያደርግ ርዝመቱ 365 ሜትር፣ ወለሉ 20 ነበር። 7 መዋኛ ገንዳ አለው። ባህር ላይ ገንዳ! እስከ 7600 ተሳፋሪ ይጭናል፤ ሠራተኛው ብቻ ከ2300 ይበልጣል። የተሠራው ደግሞ ፊንላንድ ነው፤ ከብርድ የሚያስመልጠውን የሠሩት ብርድ ላይ ቆመው ነው። ወደዚያ የሚጎርፉትም ዝም ብለው አይደለም። ካሪቢያን ከሰኔ እስከ ህዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው፤ ከታህሳስ በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ እነሱ ጋ ደግሞ በረዶው ይከመራል። ይገባኛል።

ያልገባኝ ክፍሏ ነው። የላከችልኝ ቪዲዮ ላይ አልጋ አለ፣ መስታወት አለ፣ መስኮት የለም። ርካሹ የውስጥ ክፍል እንዲህ ነው። ለስላሳው ለብቻ ይከፈላል፣ ጉርሻው በየቀኑ ሒሳብ ላይ ይደመራል፣ ኢንተርኔቱም ይከፈላል። እኔ ጥቅሌን እየከፈልኩ፣ እሷ ባህር መሀል ጥቅሏን እየከፈለች፣ ሁለታችን ተባብረን መስኮት የሌለው ክፍል አየን። አያ «ባህር ላይ ተሂዶ መጋዘን ውስጥ ይታደራል?» አለ። እሱ አሰብ ላይ ከመኪናው ሥር ሲያድር ሰማዩም ባህሩም የሱ ነበር።

አሁን ወደ ቂሜ ልምጣ። አላሰብኩም ነበር፤ ግን ነካካችኝ።

ይቺ ልጅ በ1998 ዲቪ ደርሷት ስትሄድ አንድ ሹራብ ይዛብኝ ሄዳለች። አረንጓዴ ነው። ከሰልባጅ ተራ፣ ሦስት ቀን ተመላልሼ ተከራክሬ የገዛሁት። ደረቱ ላይ የማላውቀው የአሜሪካ ትምህርት ቤት ስም አለበት፤ የቀኝ እጅጌው ክርን ላይ በጥቁር ክር የሰፋሁት ቀዳዳ አለው። «እዚያ ብርድ ነው አሉ፣ እስክገዛ ብቻ ልልበሰው፣ መልሼ እልክልሃለሁ» አለች። እናቴ «ስጣት፣ አንተ አገርህ ላይ ነህ» አለችኝ። አገሬ ላይ መሆኔ ያሞቀኝ ይመስል! እንግዲህ ሹራቡ ከአሜሪካ በሰልባጅ መጥቶ፣ ደሴ ጥቂት ከርሞ፣ በአውሮፕላን አሜሪካ ተመለሰ። ይኸው ነው ግንድ ይዞ መዞር። እኔ ዲቪ ስሞላ በኖርኩበት አገር ሹራቤ ሁለቴ ኖሯል።

አስቡት እንግዲህ። ብርድ ነው ብላ ሹራቤን የወሰደች ሰው፣ በብርዱ ሰዓት ቁምጣ ለብሳ ፎቶ ትልክልኛለች። ሹራቡስ? ቤት ትታው ሄደች ወይስ ሸጠችው? ወይስ ተመልሶ ሰልባጅ ገብቶ አሁን ኮምቦልቻ የሆነ ሰው ለብሶታል?

ኮምቦልቻን ካነሳሁ አይቀር፣ ከብርድ ማምለጥ ይህን ያህል ወጪ የሚጠይቅ ነገር አይደለም። ወሎ ውስጥ ክሩዝ በሚኒባስ ነው። ከደሴ ጋቢ ለብሰህ ትነሳለህ። ሐረጎ ላይ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር ጆሮህ ይደፈናል፤ ልክ እንደ መርከቡ አንዱ ያስመልሰዋል፣ ረዳቱ ፌስታል ያቀብላል። 600 ሜትር ያህል ወርደህ ኮምቦልቻ ስትደርስ 4 ዲግሪ ያህል ሞቀህ ማለት ነው፣ ጋቢው ይወልቃል። ሰኞ ከሆነ ቀጥለህ ባቲ ትወርዳለህ፤ ገበያው ላይ ከግመል ጋር እየተጋፋህ ያላበህን ታላብና ማታ ትመለሳለህ። በተነሳህበት ትወርዳለህ፣ ልክ እንደ ማያሚው። ደግሞ መስኮት አለው።

አለው ስል፣ አይከፈትም። ባለፈው ከባቲ ስንመለስ መኪናው ውስጥ ሰው እንደ ሽሮ እየተንተከተከ፣ እኔ መስኮቱን አንድ ጣት ያህል ገለጥ ሳደርግ ከኋላ ያሉ እናት «ልጄ፣ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታኛል» አሉ። «እማማ፣ ላብ እኮ ገደለን» አልኩ። «ላብ ማንን ገድሎ ያውቃል? ንፋስ ነው እንጂ» አሉ። መኪናው በሙሉ በሳቸው ፈረደ። አንድ ወጣት እጁን በላዬ አሳልፎ ዘጋው። የኔ መስኮት ነበር እኮ! የመስኮት ወንበር ብዬ ቀድሜ የያዝኩት! ይህ ነገር አሁንም ሲያናድደኝ ይገርመኛል። እንዲህ ከሆነ የአክስቴ ልጅና እኔ ልዩነታችን ምኑ ላይ ነው?

በረካው ሲቀዳ ተነስቼ ጻፍኩላት። ብዙ ልጽፍ ነበር፤ ስለ ክረምትና ስለ በጋ፣ ስለ ኤክሱ። ጣቴ ቀዘቀዘና «ሹራቤስ?» ብቻ ብዬ ላክሁ።

ወዲያው መለሰች። «የቱ ሹራብ?»

የቱ ሹራብ! ከዚያ ደግሞ በድምፅ፣ እየሳቀች፣ ፀሐዩን ሳወራ ሳልነግርህ የቀረሁት ነገር አለ አለችኝ፤ የመርከቡ ምግብ ቤት ውስጥ አየር ማቀዝቀዣው እስከ አጥንት ይገባል፣ ሁሉም ሰው ደራርቦ ነው ራት የሚበላው፣ ቆይ ፎቶ ልላክልህ። 48ኛው ፎቶ መሆኑ ነው። መጫን ጀመረ፣ ከላይ ፀጉሯ ታየ፣ ከዚያ አንገቷ፣ ከዚያ ትከሻዋ ላይ አረንጓዴ ነገር። እዚያ ላይ ቆመ። ጥቅሉ አለቀ።

አያ መነጽሩን አድርጎ ስልኬን ወደ ብርሃኑ አዘነበለና «አብሽር፣ ፎጣ ነው» አለኝ።

ፎጣ እጅጌ አለው እንዴ?