እርማት፦ ሰርቨር አጥፍቶ ማብራት የተነቀለን ዲስክ ከመዝገብ አይሰርዝም

በጅማ ሰርቨር ለሚያስተዳድሩ ባልደረቦቻችን «የተነቀለ ዲስክ በቮልዩም ማኔጀሩ (ዲስኮችን አጣምሮ በሚያስተዳድረው ሶፍትዌር) ዝርዝር ውስጥ ከቀረ ሰርቨሩን አጥፍቶ ማብራት፣ እምቢ ካለም በግድ ማስወጣት ይበቃል» ተብሎ የተሰጠው ምክር በብዙዎች ዘንድ የሚታመን ቢሆንም እርማት ያስፈልገዋል።

የሊኑክስ ቮልዩም ማኔጀር በሆነው ኤልቪኤም የቮልዩም ግሩፑ (በአንድነት የተጣመሩት ዲስኮች ስብስብ) መዝገብ በተለመደው አሠራር በእያንዳንዱ አባል ዲስክ ላይ በቅጂ ስለሚቀመጥ፣ አንዱ ቢነቀልም የቀሩት የተነቀለውን ዲስክ መለያ ይዘው ይቆያሉ፤ ሰርቨሩም በተነሣ ቁጥር ያንኑ መዝገብ አንብቦ ዲስኩን «የጠፋ» ብሎ ያሳያል።

የሚያሰጋው ግን ሁለተኛው ምክር ነው። «ቪጂሪዱስ» የተባለው ትእዛዝ «ሪሙቭሚሲንግ» ከሚለው አማራጭ ጋር ሲሰጥ፣ በጠፋው ዲስክ ላይ ምንም ሎጂካል ቮልዩም (ከግሩፑ ቦታ ተከፍሎ ፋይል የሚቀመጥበት ክፍል) ካልነበረ ዲስኩን ብቻ ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ከነበረ ግን ሥራውን ያቆማል፤ ይህም ሆን ተብሎ የተደረገ ጥበቃ ነው። «ፎርስ» (በግድ) የሚለው አማራጭ ሲታከልበት፣ በዚያ ዲስክ ላይ ጥቂት ክፍሉ ብቻ የነበረ ተራ ቮልዩም እንኳ ሙሉ በሙሉ ከመዝገቡ ይሰረዛል። ቮልዩሙ ቅጂ ያለው ሬይድ (መረጃን በብዙ ዲስኮች ላይ የሚያስቀምጥ አደረጃጀት) ከሆነ አስቀድሞ በ«ኤልቪኮንቨርት ሪፔር» መጠገን ይገባል።

ደግሞም መብራት ሄዶ ሲመለስ (ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም) ዲስኩ ዘግይቶ ተነሥቶ ወይም ኬብሉ ላልቶ ሊሆን ይችላል። ዲስኩ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ «ቪጂኤክስቴንድ» በ«ሪስቶርሚሲንግ» አማራጩ ወደ ግሩፑ ይመልሰዋል፤ መሰረዝ አያስፈልግም። ኤልቪኤም የቀድሞውን መዝገብ በራሱ ማኅደር ቢያስቀምጥም፣ ከዚያ የሚመለሰው መዝገቡ እንጂ በዲስኩ ላይ የነበረው ፋይል አይደለም።