ስጋት መውሰድ ለትርፍ ዋስትና አይሆንም

አክሲዮን ስለመግዛት ሲነሳ፣ «ስጋቱ በጨመረ ቁጥር ትርፉም ይጨምራል፤ ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው» ሲባል ይሰማል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። ግን መታረም አለበት።

ሐሳቡ ከባዶ አልመጣም። የፋይናንስ ምሁሩ ዊልያም ሻርፕ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቀረበው ሞዴል፣ ከገበያው ጋር አብሮ በኃይል የሚዋዥቅ አክሲዮን ከፍ ያለ ትርፍ ይጠበቅበታል ይላል። ልብ ይበሉ፣ «ይጠበቃል» ነው ያለው። የሚጠበቅ ትርፍ ደግሞ እጅ የገባ ትርፍ አይደለም።

በኋላ መረጃው ሲፈተሽ ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። የፋይናንስ ተመራማሪዎቹ ዩጂን ፋማና ኬኔት ፍሬንች በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1963 እስከ 1990 በአሜሪካ ገበያ ከገበያው ጋር በመዋዠቅና በትርፍ መካከል ያለው ዝምድና እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናትማ ጭራሽ፣ በጣም የሚዋዥቁት አክሲዮኖች አማካይ ትርፋቸው ዝቅተኛ መሆኑን አሳየ።

እስቲ ስሌቱንም ቀረብ ብለው ይዩት። 100 የነበረው ገንዘብ 50 በመቶ ቢወድቅ 50 ይቀራል። ቀጥሎ 50 በመቶ ቢያድግ 75 ይሆናል። የሁለቱ ለውጦች አማካይ ዜሮ ነው፤ ከገንዘብዎ ግን ሩቡ የለም! ይሄ እኔን ሁሌም ያሳስበኛል፤ ሰው አማካዩን ብቻ አይቶ ይገባበታልና። ብዙ ተመራማሪዎችም ከመዋዠቁ አልፈው፣ ገበያው ክፉኛ ሲወድቅ ምን ያህል ሊጠፋ እንደሚችል ይለካሉ።