ማስተካከያ፦ ካምፐር (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ) እየጎተቱ ቁልቁለት ሲወርዱ ስለ ፍሬን አያያዝ

ባለፈው «ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን በስሱ እንደረገጣችሁ ውረዱ» ብለን የጻፍነው ስህተት ነው፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። የአሜሪካ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ መማሪያና የፒክአፕ አምራቾች መመሪያ እንደሚሉት፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ከባድ (ዝቅተኛ) ማርሽ አስገብቶ ፍጥነቱን የመግታቱን ሥራ በዋናነት ለሞተሩ መተው ነው። የመረጣችሁት ፍጥነት በሰዓት 40 ማይል ከሆነ፣ 40 ሲደርስ ጠበቅ አድርጋችሁ ረግጣችሁ 35 ላይ ልቀቁ፤ ተመልሶ 40 ሲገባ ድገሙት።

በስሱ የተረገጠ ፍሬን ሸራው ከዲስኩ ሳይላቀቅ እየተፋተገ ይግላል። የፍሬን ዘይቱ ከፈላ ደግሞ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። ከዴንቨር በስተምዕራብ፣ ከአይዘንሃወር ዋሻ ወደ ሲልቨርቶርን በሚወስደው 7 በመቶ ቁልቁለት ላይ እንዲህ ያለ ፍሬን ይዞ መውረድ ለሕይወት ያሰጋል። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ደህና ቦታ ቆማችሁ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ውሃ አታፍስሱበት። የቀድሞውን ምክር ለሌላ ሰው ያስተላለፋችሁ፣ እባካችሁ ይህንንም አድርሱለት።