በድሬ ሙቀት የቆዳ ማሰሪያ?

ስለ ጉዞ የእጅ ሰዓት የጻፉት ጸሐፊ «ለጉዞ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ውድ ሰዓት ያምራል» ብለዋል። አቦ፣ በግንቦት ድሬዳዋ መጥተው ይሞክሩት! የኔው በሁለት ሳምንት ላብ ጠጥቶ ቆረፈደ፣ ሽታውማ አይነሳ። አሁን በብረት ማሰሪያ ቀይሬዋለሁ። ቀፊራ ገበያ ስገባ ደግሞ አውልቄ የውስጥ ኪሴ እከተዋለሁ።

ለጉዞ ጂኤምቲ (የሁለት አገር ሰዓት የሚያሳይ) ሰዓት ጥሩ ነው ያሉት ግን ልክ ነው። ሮሌክስ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለፓን አም (የቀድሞ የአሜሪካ አየር መንገድ) አብራሪዎች ያወጣው ዓይነት፣ ተጨማሪዋ ቀስት የሌላ አገር ሰዓት ታሳያለች። ዱባይ ስሄድ የቤቴን ሰዓት በእሷ አያለሁ። ለሀበሻ ሰዓት አቆጣጠር ግን አላስቸግራትም። ዋናው ቀስት 7 ላይ ሲሆን ትይዩውን አያለሁ፦ 1 ሰዓት። ይህን ለመቁጠር ርካሹም የታይዋን ሰዓት ይበቃል።