ቅንጭቡን ከመቁረጣችሁ በፊት በርሜሉን ክደኑ

ከሐረር ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው የገጠር ቀበሌያችን በቅርቡ በተጠራ ስብሰባ ላይ አንድ ውሳኔ ተነበበልን። በየመኖሪያ ግቢው ዙሪያ ያለው የቅንጭብ አጥር፣ በጓሮ የበቀለው ቁጥቋጦ እና ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ሁሉ እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ ተመንጥሮ፣ ግቢው በቆርቆሮ ወይም በእንጨት እንዲታጠር የሚያዝ ነው። ምክንያት ተብለው የተደረደሩት ሦስት ናቸው፦ ቁጥቋጦው የወባ ትንኝ ያራባል፣ ማሽላችንን የሚጨርሰውን ወፍ ያስጠልላል፣ ለጅብም መደበቂያ ይሆናል። ውሳኔውን ያነበቡት ኃላፊ ጓሮ የሰው እንጂ የአውሬ መኖሪያ አይደለም የሚል ማሳረጊያ ሲያክሉበት ከፊት ወንበር የተቀመጡት አጨበጨቡ። ጎረቤቴ ሐጂ ብቻ እጃቸውን አውጥተው «ልጄ፣ ቆርቆሮውን ማን ይገዛልናል?» ሲሉ ጠየቁ። «እሱ በሂደት ይታያል» ተባሉ።

ከሦስቱ ምክንያቶች በግንባር ቀደምነት የተሰለፈው ወባ ነው፤ ከሦስቱም እጅግ የሰነፈው ምክንያት ይኸው ነው። በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ስለ ወባ ለሕዝብ ሊናገር የሚነሣ ሰው፣ ሌላው ቢቀር ከሐረር 55 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ድሬዳዋ ምን እንደ ደረሰ ሰምቶ መምጣት ይገባው ነበር። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2022 የመታው የወባ ወረርሽኝ የተነሣው ቁጥቋጦው በሚፋፋበት ክረምት ሳይሆን በደረቁ ወቅት ነበር። ተመራማሪዎች ከወረርሽኙ ጋር ያያያዙት አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለው ትንኝ ከእስያና ከዓረብ ምድር የመጣ፣ በኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘ መጤ ነው። እንቁላሉን የሚጥለውም በበርሜል፣ በሲሚንቶ ገንዳ፣ በሮቶ፣ ለግንባታ ተቆፍሮ ውኃ በተሞላ ጉድጓድ፣ በአጭሩ ክዳን ባጣ የውኃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ነው። ድሬዳዋን እ.ኤ.አ. በ2013 በደንጊ፣ በ2019 ደግሞ በቺኩንጉንያ ያንገላታችው ሌላይቱ ትንኝም የምትፈለፈለው እዚያው በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ እና ዝናብ ባቆረ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። ትንኝ ከተፈለፈለ በኋላ ጥላ ፈልጎ ቅጠል ሥር ያርፋል ቢሉኝ አልከራከርም፤ አልጋ ሥርም ያርፋልና አልጋችንንም እንመንጥር ወይ? ስብሰባው ከተካሄደበት አዳራሽ ጀርባ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ፣ ክዳን የሌለው በርሜል እስከ አፉ ውኃ ይዞ ቆሞ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ ላየውም ሰው እጮቹ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ሲወጡና ሲወርዱ በግልጽ ይታዩ ነበር። የተነበበልን ውሳኔ ግን ስለ በርሜል አንድም ቃል የለውም።

ሰው በርሜል የሚሞላው ደግሞ ወዶ አይደለም፤ ቧንቧው መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው። ሐረር ለረጅም ዘመን ስትጠጣው የኖረችው የሐሮማያ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ የደረቀው ውኃው ያለ ልክ በመሳቡ ብቻ አልነበረም፤ ከተራቆቱት ተዳፋቶች ጎርፍ ጠርጎ ያወረደው ደለልም ሆዱን ሞልቶት ነበር። ሐይቁ በቅርብ ዓመታት መልሶ ውኃ መያዙ ደስ ይላል፤ ትምህርቱ ግን ለማን እንደ ተሰጠ እንጃ። በእኛ ተዳፋት ላይ አፈሩን በሥሩ ጨብጦ የያዘውን ቅንጭብ ነቅሎ በምትኩ የቆርቆሮ ቋሚ መቸከል ለቀጣዩ ደለል መንገድ መጥረግ ነው። የሐጂ ጥያቄ የተጠየቀው ለቀልድ አልነበረም፤ ቅንጭብ ከጎረቤት ቅርንጫፍ ተቆርጦ ሲተከል የሚበቅል፣ ከብት የማይቀምሰው፣ ዝናብ ሲጠፋም የማይደርቅ አጥር ነው፤ ቆርቆሮ ግን የሚገዛው ማሽላ ተሸጦ ነው።

ወደ ወፉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የውሳኔው ትልቁ ስሕተት ያለው እዚህ ነው። ቀበሌያችንን ዞሮ ተመለከተ የተባለው ኮሚቴ የመጣው በኅዳር፣ ማሽላው ራሱን አጎንብሶ በሚደርቅበት ሳምንት ነው። ወፍ ማሽላ ራስ ላይ አርፎ አዩ፤ ጻፉ፤ ሄዱ። ጓሮ ግን በአንድ ቀን ጉብኝት የሚፈረድበት ነገር አይደለም። በኅዳር ሌባ ሆኖ የተመዘገበው ወፍ በሐምሌ ምን ሲሠራ እንደ ከረመ ያልጠየቀ ዳኛ የክሱን ግማሽ ብቻ ሰምቶ ፈርዷል።

በበጋው እንጀምር። ከመስከረም መገባደጃ አንሥቶ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡ ወፎች አሉ። ሆዳቸው ቢጫ የሆነ፣ ጅራታቸውን ሽቅብ ቁልቁል ከመወዝወዝ የማያርፉ ትንንሽ ወፎች ላሞቼ ከተሰማሩበት ጥግ አይጠፉም፤ የላሟ ሰኮና ከሣሩ የሚያስነሣውን ዝንብ ከእግሯ ሥር እየተሽሎከሎኩ ይለቅማሉ፤ ላሟም ከጆሮዋ በቀር የምታንቀሳቅሰው ነገር የለም። ጅራታቸው ለሁለት የተሰነጠቀ ሌሎች ስደተኞች ደግሞ ወደ ማታ ከከብቶቹ በረት በላይ እየተመላለሱ በራሪ ነፍሳትን በአየር ላይ ይቀልባሉ። እሬቱ ቀይ አበባውን ሲያወጣ ምንቃራቸው ቀጭንና ቆልማማ የሆነ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጡ ወፎች ከአበባ አበባ ይዘላሉ። ከእነዚህ አንዱም የማሽላ ፍሬ አይቀምስም፤ ከነፍሳትና ከአበባ ማር ውጭ ምግብ የላቸውም። በውሳኔው ግን ሁሉም «ወፍ» በሚለው አንድ ቃል ተጠቃለዋል። በዚሁ ወቅት ጦጣ ፓፓያዬን እንደምትሰርቀኝ አልደብቅም፤ በሌላ ቦታ የምትበላው ሲያልቅባት ነው የምትመጣው፤ ቁጥቋጦው ሲመነጠር ደግሞ ጨርሶ የሚያልቀው ይኸው የሌላ ቦታ ምግቧ ነው።

በልጉ ሲመጣ ጓሮው ሌላ መልክ ይይዛል። የመጀመሪያው ደኅና ዝናብ ባረፈ ማግስት ክንፍ ያወጣው ምስጥ ከመሬት ፈልቶ ሲወጣ፣ ከዶሮ እስከ ጭልፊት፣ ከእስስት እስከ እንቁራሪት፣ አፍ ያለው ሁሉ ወደ ግብዣው ይጠራል። ምስጥ የቤታችንን ማገር፣ የጎተራችንን እግር፣ የተከልነውን የማንጎ ችግኝ ሥር ምን እንደሚያደርግ ለሐረርጌ ገበሬ መንገር አያስፈልግም። ክንፍ ያወጣው ምስጥ አዲስ መንደር ሊቆረቁር የሚወጣ ንጉሥና ንግሥት ነው፤ በዚያች አንድ ማለዳ የሚበላው እያንዳንዱ ምስጥ ያልተቆረቆረ ኩይሳ ነው። ይህን ሥራ በነጻ የሚሠሩት ፍጥረታት የሚያድሩት በዚያው ሊመነጠር በተፈረደበት አጥር ውስጥ ነው።

ክረምት ላይ ደግሞ ዋናው ተከሳሽ ራሱ ይመጣል። ከመስኮቴ ፊት ለፊት ካለው ግራር ላይ ጎጆ የሚሠሩት ወፎች ወንዶቹ ቢጫ ለብሰው፣ ከሣር ቅጠል ጠርዝ ቀጭን ክር እየሸረከቱ፣ በእግራቸው ይዘው በምንቃራቸው እያሾለኩ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ያስራሉ። ጎጆው አልቆ ጫጩት ሲፈለፈል እናቲቱ ምን ይዛ እንደምትመጣ ቆሞ ማየት ለኮሚቴው አባላት ሁሉ ግዴታ ሊሆን ይገባ ነበር። የምትይዘው እህል አይደለም። አረንጓዴ ትል ነው፤ ከቅርንጫፉ ጋር ደጋግማ ቀጥቅጣ ካለሰለሰችው በኋላ ቢጫ አፉን ከፍቶ ለሚጠብቀው ጫጩት ታጎርሰዋለች፤ ወዲያውም ወደ ማሽላው ትመለሳለች። እህል ለቃሚ የሚባሉት ወፎች እንኳ ብዙዎቹ ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድጉት በነፍሳት ነው፤ ለአካል ግንባታ የሚሆነው ምግብ ያለው እዚያ ነውና። ይህም የሚሆነው ልክ አገዳ ቆርቁሩ ማሽላውን በሚወርርበት፣ እ.ኤ.አ. በ2017 አገራችን የገባው የአሜሪካ መጤ ተምችም የበቆሎውን ለጋ ቅጠል በሚበሳሳበት ወር ነው። እንግዲህ ወፏ በሐምሌ የሠራችበትን ደመወዝ በኅዳር ስትወስድ ነው ሌባ የተባለችው። አጥሩም ግራሩም ተቆርጦ እርሷ ከሄደች በኋላ ትሉን ማን ይልቀመው? መልሱን በየገበያው እናውቀዋለን፤ ጽሑፉ ሊነበብ በማይችል ጠርሙስ የሚሸጠውን መርዝ አንድ ጎረምሳ ያለ ጓንትና ያለ አፍ መሸፈኛ በጀርባው አዝሎ ይረጨዋል።

በመኸር ወፍ ማሽላ ይበላል፤ ይህን የሚክድ የለም። ግሪሳ በመንጋ የወረደበት ማሳ ምን እንደሚሆን፣ ልጆችም ከማማ ላይ ወንጭፍ ይዘው ለምን እንደሚውሉ አውቃለሁ። ነገር ግን ግሪሳ በብዙ ሺህ እየሆነ የሚራባው በቆላው እሾኻም ግራር እና በሸምበቆ ውስጥ እንጂ በሐጂ የቅንጭብ አጥር ላይ አይደለም። የእኔንና የጎረቤቶቼን አጥር ጠርጎ የግሪሳን መንጋ አሳንሳለሁ ማለት የጎረቤትን ምድጃ አጥፍቶ ሰደድ እሳት አቆምኩ እንደማለት ነው። ኮሚቴው ግሪሳን ከሌላው ወፍ ለይቶ አያውቅም ብዬ ለመናገር አላመነታም፤ ቢያውቅ ኖሮ ሁሉንም በአንድ መዝገብ አይከስም ነበር።

ስለ ሌሊቱም ዝም አልልም። የሐረርጌ ገበሬ ማሽላውን ከመሬት በታች በተቆፈረ ጉድጓድ ያከማቻል፤ የዚያ ጉድጓድ ጠላት አይጥ ነው፤ የአይጥ ጠላት ደግሞ ጉጉት ነው። ጉጉት ሟርተኛ ነች እየተባለ ድንጋይ የሚወረወርባት አንሶ አሁን ደግሞ የምታርፍበት አሮጌ ዛፍ ፍሬ አይሰጥም ተብሎ ይቆረጣል። የዛፉ ፍሬ ጉጉቷ መሆኗን የሚያስተውል ሰው ግን ከስብሰባው አልነበረም፤ ቢኖርም ከፊት ወንበር አልተቀመጠም።

ጅቡን በአጭሩ ላልፈው። ጅብ በዋሻና በተቆፈረ ጉድጓድም ይውላል፤ ወደ መንደር የሚስበው ደግሞ ከየቤቱ የሚወረወረው አጥንትና ሜዳ ላይ የሚጣለው የሞተ ከብት ነው። በመቀሌ ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት የዚያች ከተማ ጅቦች በዓመት ከ200 ቶን በላይ የእንስሳት ጥንብ እንደሚያስወግዱ አሳይቷል፤ የእኛ ቀበሌ ይህን ሥራ የሚሠራለት መኪና ካለው ያሳየን። ደግሞም ይህ የተነገረን የት ሆነን ነው? ከሐረር አፍንጫ ሥር! በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር የታጠረው የጀጎል ግንብ ከሥሩ ጅብ የሚሾልክባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ከተማዋም ከጅቡ ጋር ተስማምታ ኖራ፣ ማታ ማታ ሥጋ እያጎረሰችው፣ የዓለም ጎብኚ ታስከፍልበታለች። ከጠላት ለመጠበቅ ግንብ የገነባ ሕዝብ እንኳ ያልፈራውን ጅብ ቅንጭብ ውስጥ ተደብቆብናል ብሎ ማስፈራራት ለሐረር ልጅ የሚነገር ነገር አይደለም።

አንባቢ እንደሚያውቀው ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ አረንጓዴ አሻራ እያልን ችግኝ እንተክላለን። እኔም ተክያለሁ፤ ወደፊትም እተክላለሁ። ነገር ግን በሐምሌ ችግኝ ይዞ ፎቶግራፍ የተነሣው ያው ኃላፊ በጥር የሠላሳ ዓመት ግራር አስቆርጦ የሁለቱንም ሥራ ሪፖርት ለበላዩ ሲልክ፣ ሪፖርቱን የሚቀበለው ሰው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አቅቶት ነው ወይስ ማንበቡ ራሱ ቀርቷል?

ውሳኔው የማይታጠፍ ከሆነ ደግሞ ቢያንስ አንድ አንቀጽ ይጨመርበት። ቅንጭብ በገጀራ ሲመታ ነጭ ወተቱ ይረጫል፤ ያ ወተት ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይኑን አቃጥሎ ሰውን ለቀናት ያሳውራል፤ ፈጥኖ ካልታከመም ጉዳቱ ይብሳል። ይህን በእኛ መንደር ሕፃን ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው ቅንጭብ የሚቆርጥ ሰው ነፋሱ ከወዴት እንደሚነፍስ ሳያይ ገጀራ የማያነሣው። ምንጠራው በዘመቻ፣ በአንድ ሳምንት፣ በየቤቱ ወጣቶች እንዲካሄድ ታዟል፤ ስለ መነጽር፣ ስለ ጓንት፣ ስለ ሕክምና ወጪ የተጻፈ አንድም መስመር የለም። ቅንጭብ ቆርጠው የማያውቁ ሰዎች ያወጡት ትእዛዝ ስለሆነ የመጀመሪያውን ግቢ ራሳቸው፣ በገዛ እጃቸው፣ ይቁረጡልን። ገጀራውን እኔ አውሳለሁ።