ውዳሴ ዱልዱም ቢላ

በየቤታችን ብዙ ቢላ ይኖራል፤ የምትሠራው ግን አንዷ ናት። እጀታዋ ምድጃ ዳር ተረስቶ አንድ ጎኑ የቀለጠ፣ ጫፏ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሲከፈትባት የተቀነጠሰ፣ አፏ ከጀርባዋ በመልክ ካልሆነ በሥራ የማይለይ። መቼ እንደተገዛች የሚያስታውስ የለም። መቼ እንደተሳለች መጠየቅማ ነውር ነው። እስከዛሬ ማንም ቆሞ ያላመሰገናትን ይህችን የቤት ምሰሶ እስቲ ዛሬ እናመስግናት።

ፈረንጆቹን እዩልኝ። ለአንድ ሆድ አራት ቢላ ይደረድራሉ። ለሽንኩርቱ፣ ለጎመኑና ለሥጋው 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ሰፊ ቢላ፤ ድንች ለመላጥና ነጭ ሽንኩርት ለመፈልፈል ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ፤ ሥጋን ከአጥንት ለመለየት 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ጠባብና ቀጭን፤ ለዳቦ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ረጅም። ምን ዓይነት ብክነት ነው! የእኛዋ ጠዋት ዳቦ ትቆርጣለች፣ ረፋድ ላይ የልብስ ሳሙና ለሁለት ትከፍላለች፣ ቀትር ላይ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ከሰዓት የሶኬት ብሎን ትፈታለች፣ ማታ ከፍሪዘር የወጣው ሥጋ ላይ እንደ መሮ ተተክላ በዘነዘና ትመታለች። በማግስቱ ጠዋት ደግሞ ዳቦው ይጠብቃታል።

ድፎ ዳቦ ላይ ያላትን ችሎታ እንይ። ባለጥርሱ ቢላ ቅርፊቱን ነክሶ ይጀምርና ወደታች ሳይጫን፣ በመሄድና በመመለስ ብቻ ይቆርጠዋል፤ የዳቦው ሆድ እንደተነፋ ይቀራል። የእኛዋ ጥርስ የላትም፣ ስለትም የላትም፤ ያላት የእኛ ክብደት ነው። ስለዚህ እንጫናታለን። ከኮባው ሲወጣ ድፎ የነበረው ትሪው ላይ ሲደርስ ቂጣ ይሆናል። ከአንድ ሊጥ ሁለት ዓይነት ዳቦ የሚያወጣ ሌላ ባለሙያ ካለ ይቅረብ። ቲማቲሙም እንዲሁ ነው። ልጡ ስለሚያዳልጥ ያልተሳለ ቢላ ላዩ ላይ ይንሸራተታል፤ እና መጀመሪያ በጫፏ፣ ማለት በተረፈው ጫፏ፣ ወጋ ይደረግና የቀረው በመጭመቅ ይጠናቀቃል። ሰላጣው ገና ሳይቀላቀል ጭማቂው ቀድሞ ቀረበ ማለት አይደል?

ሙሉ ክብሯ የሚታየው ግን በበዓል ዋዜማ ነው። ለአንድ ዶሮ 2 ኪሎ ያህል ሽንኩርት ይቀርባል፤ ቤቱ በሙሉ ያለቅሳል፤ ሰዉም ሽንኩርቱን ይረግማል። ይህ የባለሙያን ምስጋና መቀማት ነው። ሽንኩርት ሳይነኩት ማንንም አያስለቅስም። በሕዋሶቹ ውስጥ ተለያይተው የተቀመጡ ኢንዛይምና ድኝ ያለባቸው ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ግድግዳቸው ሲፈርስ ይገናኙና ያ ዓይን የሚያቃጥል ጋዝ ይወጣል። የተሳለ ቢላ በመንገዱ ያገኛቸውን ሕዋሶች ብቻ ቆርጦ ያልፋል። የእኛዋ ግን ግራና ቀኝ የቆሙትንም ጨፍልቃ ነው የምታልፈው። እንባው የሷ ድካም ሆኖ ሳለ ስሙን የወሰደው ሽንኩርቱ ነው። ሽንኩርቱን ቀድሞ ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ ማቆየት ጋዙን ያበርደዋል የሚሉም አሉ፤ ልክም ናቸው፤ ግን ያለ ለቅሶ የተሠራ ዶሮ ወጥን ማን ያምነዋል?

ከእንባው ቀጥሎ ሌላ ጸጋ ይመጣል። ለቁሌት የሚሆን ሽንኩርት ደቆ፣ ደግሞም እኩል ሆኖ መከተፍ አለበት፤ አለዚያ ደቃቁ ሲያር ትልልቁ ጥሬውን ይቀራል፣ ወጡም አይዋሃድም። የእኛዋ እንዲህ ያለውን ጭቆና አትወድም፤ ለእያንዳንዱ ቁራጭ እንደ ፍላጎቱ የመሆን ነፃነት ትሰጠዋለች። አንዱ እንደ ጤፍ፣ አንዱ እንደ ባቄላ፣ አንዱ እንደ ጣት። ሁለት ሰዓት ቆሞ ላማሰለ ሰው ድስቱ ውስጥ እንደ ድንች የሚንሳፈፍ ነገር ማግኘት ትንሽ ደስታ አይደለም።

ዶሮውስ? 12 ብልት ማውጣት መገጣጠሚያውን ማወቅ እንጂ ጉልበት አይፈልግም። ታፋውን ወደኋላ ገልበጥ ሲያደርጉት አጥንቱ ከጎድጓዳው ብቅ ይላል፤ ቀጭን ቢላ በዚያ ገብቶ ጅማቱን ብቻ በጥሶ ይወጣል፣ አጥንት አይነካም። የእኛዋ ጅማት መበጠስ ስላቃታት አጥንት መስበርን መርጣለች። ስለዚህ ድስት ውስጥ 12 ሆኖ የገባው ብልት ከነስብርባሪው 30 ሆኖ ይወጣል። ይህን በረከት የማያደንቅ ጥርሱ ያልተነካ ብቻ ነው።

አሁን ደግሞ የእጅ ነገር። እናቶቻችን ሽንኩርቱን በግራ መዳፋቸው ይዘው፣ አናቱን እንደ ዳማ ሰሌዳ ቁልቁልና አግድም ሰንጥቀው፣ ከላይ ስስ ስስ እያደረጉ ድስቱ አፍ ላይ ሲያራግፉት የሚታየው ሙያ ነው፤ ሽሙጥ አይነካውም። ነገር ግን ያ አከታተፍ የተፈጠረው ለሚቆርጥ ቢላ ነው። በደነዘ ሲሆን ወደ ገዛ መዳፍ መግፋት ይመጣል። «ግዴለም፣ የደነዘ እጅ አይቆርጥም» የሚል ጥበብም አለን። እውነት ነው፣ ቢላዋ አትቆርጥም፤ የሚቆርጠው መንሸራተቷ ነው። የተሳለች ቢላ በትንሽ ጉልበት፣ ወደ መሯት ትሄዳለች። የደነዘችው ላይ ሙሉ ክንድ ይጫንና ከሽንኩርቱ ልጥ ስታመልጥ ያን ሁሉ ጉልበት ይዛ አመልካች ጣት ላይ ታርፋለች፤ ቁስሉም የጠራ ሳይሆን የተቀደደ ይሆናል። ከዚያ የተፈጨ ቡና ይነሰነስበታል።

ቡናው ከቀረበ ሲኒውም ቀረበ፤ ስለ መሳልም በዚሁ እናውራ። የሲኒ ቂጥ ሲገለበጥ ቀለም ያልተቀባው ሸካራ ቀለበት ከቢላ ብረት የጠነከረ ነው፤ በእርግጥም ይስላል። መጀመሪያ የደረሰበት ሰው ሊቅ ነበር። እኛ ግን ሊቅነቱን አሻሽለነዋል፤ ሦስት ጊዜ ወዲያ፣ ሦስት ጊዜ ወዲህ፣ አንዴ አስተኝተን አንዴ አቁመን፣ ዓይናችን ቴሌቪዥኑ ላይ። አንዱ ፉቀት የሠራውን ሌላው ያፈርሳል፤ እጅ ግን ሠርቷል፣ ድምፁም ተሰምቷል። ሁለት ቢላ አፍ ለአፍ የሚያፋጩም አሉ። ያ ፍትሐዊ ዘዴ ነው፤ ሁለቱም እኩል ይሸረፋሉ። ጋራዥ ወስደው በሚሽከረከር ድንጋይ የሚያስሞርዱት ደግሞ የርችት ወዳጆች ናቸው። ብረቱ ጠርዙ ላይ ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ሴልሺየስ ግሏል ማለት ነው፤ ጥንካሬውም ከዚያው ጋር ሄዷል። ያን ቀን ይቆርጣል። በሳምንቱ ተመልሳ የእኛዋ ትሆናለች።

ሥራ ያጡ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ደግሞ ስሙ። ሁለት ፊት ያለው የመሳያ ድንጋይ ይገዛሉ፤ አንዱ ሸካራ፣ አንዱ ለስላሳ። ቁጥር የተጻፈበት ከሆነ ለተሸረፈ ቢላ 400፣ ለተለመደው ድንዛዜ 1000 ይይዛሉ። በዘይት ሳይሆን በውሃ የሚሠራ ድንጋይ ከሆነ አረፋው እስኪያቆም 10 ደቂቃ ያህል ይነክሩታል፣ እንዳይንቀሳቀስ እርጥብ ጨርቅ ላይ ያስቀምጡታል። ከዚያ ቢላዋን 20 ዲግሪ ያዘነብላሉ። ዲግሪ በምን ይለካል? በክብሪት። ወርዱ አራት ሴንቲ ሜትር ተኩል የሆነ ቢላ ጀርባው ከድንጋዩ በተኛ የክብሪት ቀፎ ውፍረት፣ ማለትም አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ካለ 20 ዲግሪ ላይ ነው። ያንን ሳይለቁ ከተረከዟ እስከ ጫፏ ይፍቃሉ። መቼ እንደሚበቃ ድንጋዩ አይነግርም፤ የሚነግረው ተቃራኒው ጎን ነው። ከጀርባ ወደ አፍ በጣት ሲዳስሱት ጠርዙ ላይ የሚሻክር ቀጭን ብረት ከዳር እስከ ዳር ከወጣ ይህኛው ጎን አለቀ፤ ይገለብጣሉ። መጨረሻ ላይ ያንን ሻካራ በለስላሳው ፊት ሳይጫኑ፣ ግራና ቀኝ እያፈራረቁ ያረግፉታል። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ሻካራው ከወጣ ተሳለ ብሎ ይተዋል፣ በማግስቱም ያ ቀጭን ብረት ተጣጥፎ «ድንጋዩ የውሸት ነው» ይባላል። በወረቀት ይሞክሩታል፤ ወረቀቱን ሳይቀድ ከቆረጠው ጨረሱ። ይህ ሁሉ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። በወር አንዴ ሩብ ሰዓት! የእኛ ዘዴ 5 ሰኮንድ ነው፤ ከዚያ በየቀኑ ከሽንኩርት ጋር ግማሽ ሰዓት መታገል ብቻ ይቀራል።

ሥጋ ቤት የሚንጠለጠለውን ዘንግ ብረት አይቶ ገዝቶ የመጣም አለ። ዘንጉ በአብዛኛው አይስልም፤ በሥራ ብዛት የተጠማዘዘውን አፍ ያቀናል። የሚቀና አፍ ለሌላት ቢላ ደግሞ ሙዚቃ ነው።

ወደ ገበያ ስንወጣም ጥበባችን አይለየንም። ቢላ የሚመረጠው በእጀታው ቀለምና በሚያብረቀርቀው ፊቱ ነው። የብረቱ ጭራ እስከ እጀታው መጨረሻ ይዝለቅ ወይስ ሁለት ጣት ገብቶ በሙጫ ይያዝ ማን ያያል? አጭር ጭራ ያለው የበሬ ሥጋ ላይ ሲጫኑት እጀታው እጅ ላይ፣ ብረቱ ሥጋው ላይ ይቀራል፤ ክፍፍል ነው። በእጀታውና በብረቱ መሃል ክፍተት ካለ ውሃና ስብ ይገባበታል፤ ለጥቃቅን ፍጥረታት ማረፊያ የሰጠ ይባረክ። «የማይዝግ» የሚለው ጽሑፍም ይበቃናል። የማይዝግ ማለት ክሮሚየም በብዛት የገባበት ማለት ነው፤ ይቆርጣል ማለት አይደለም። የሚያስቆርጠው በውስጡ ያለው ካርቦንና በእሳትና በማቀዝቀዝ የተሰጠው ጥንካሬ ነው። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከመኪና ባሌስትራ ተቀጥቅጦ የሚወጣው ቢላ አያምርም፤ ግን ባሌስትራ ካርቦን ያለው ብረት ነው፣ ደህና ባለሙያ ካጠነከረው ስለት ይይዛል፣ ይጠብቃልም። ሎሚና ቲማቲም ከነካው ወዲያው ታጥቦ መድረቅ፣ ዘይትም መቀባት ይፈልጋል። «ኧረ ይዝጋል!» ብለን እናልፈዋለን፤ ሲንክ ውስጥ በሳሙና ውሃ ተዘፍቃ የምታድረውን፣ ጠዋት እጁን የሚሰድ ሰው የምትጠብቀውን እያሰብን።

መክተፊያውንም ከመስታወት የተሠራ፣ የወይንና የፖም ሥዕል ያለበት እንገዛለን። መስታወት ከብረት ይጠነክራል፤ በእያንዳንዱ ምት የቢላዋን አፍ ይመልሳል። እንጨትና ፕላስቲክ ግን ለቢላ ይሸነፋሉ። የሚሸነፍ ዕቃ ቤታችን ምን ይሠራል?

ጥሩ ቢላ የለንም ማለት እንዳይመስላችሁ። አለን፤ ቢፌ ውስጥ ነው። ለሠርግ የመጣው፣ ከነካርቶኑ፣ ከነላስቲኩ፣ «ለእንግዳ» ተብሎ። እንግዳ ሲመጣ ሽንኩርት እንዲከትፍ የታሰበ ይመስላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ዘመዶቻችንም አደራውን አልበሉም፤ 15 ቢላ የተሰካበት የእንጨት ሳጥን ምድጃው ጎን ቆሟል፣ ሽንኩርቱ የሚከተፈው ግን በባለጥርሷ የስቴክ ቢላ ነው።

አንድ ቦታ ግን ሕዝባችን ስለት ያውቃል። ሥጋ ቤት ቁርጥ ፊት ሲቀመጥ። እዚያ ያ ገር ሰው ዳኛ ይሆናል። ሻኛው ላይ አንዴ ሞክሮ፣ ጅማቱን ሳትበጥስ ከቀረች፣ «አንተ ልጅ! ይቺ አትቆርጥም፣ ቀይርልኝ!» ይላል፤ ስለት የሌለው ቢላ ሥጋውን እንደሚያደቀውና እንደሚቀደው፣ ጣዕሙን እንደሚያበላሸው ለጠረጴዛው ሁሉ ያስረዳል። የደቀቀው ክትፎ በማሽን ተፈጭቶ ይሁን በቢላ ተከትፎ ምላሱ ይለየዋል፤ ጅማት ካገኘበት ይመልሰዋል። በልቶ፣ ታጥቦ፣ ቤቱ ይገባል። እዚያ ሚስቱ ጫፏ በተቀነጠሰችው ቢላ 2 ኪሎ ሽንኩርት ይዛ እያለቀሰች ነው። «ምን ሆነሽ?» ይላታል። «ሽንኩርት ነው።» «አይዞሽ» ይልና ይቀመጣል።

ጾም ሲገባ ደግሞ ጥንቃቄያችን ልዩ ነው። ድስቱ፣ ማማሰያው፣ ቢላዋም ጭምር የሥጋ ነገር እንዳይቀርባት ተፈትጋ ትታጠባለች፤ 55ቱን የሁዳዴ ቀናት በንጽሕና ትውላለች። ሲፈታ ጥሬ ዶሮ የተገነጠለባት ቢላ በዚያው እጅ ጨርቅ ጠረግ ተደርጋ ወደ ሰላጣው ትሻገራለች። ሳልሞኔላ የሚባለው የጥሬ ዶሮ ጀርምም ጾሙን ፈትቷል።

እንግዲህ የቅርጫው ቀን ይደርሳል። አራጁ ሦስት ቢላና መሳያውን በጨርቅ ጠቅልሎ ይመጣል፤ የሰፈሩን በሬ አውርዶ፣ መደቡን ከፋፍሎ ሲጨርስ እማማ የቤቷን ቢላ ያቀርቡለታል። «ልጄ፣ እጅህ ከገባ አይቀር ይቺንም ብትስልልን።» አገላብጦ ያያታል፤ አፏ በየትኛው በኩል እንደሆነ ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ይወስድበታል። ከዚያ ድንጋዩን አርሶ ሩብ ሰዓት ይቀመጥባታል። ሲመልሳት ፀጉር ትላጫለች።

በማግስቱ ጠዋት ዳቦው ያለ ጭነት ተቆረጠ። ቲማቲሙ ሳይወጋ ተከፈለ። ቤቱ ደነገጠ። «ኧረ ይቺ አደገኛ ሆናለች፣ ልጆች እንዳይነኳት» ተባለና ከነስለቷ በፎጣ ተጠቅልላ ቢፌው ውስጥ፣ ከሠርጉ ካርቶን ጎን ገባች። ከመሳቢያው ጥግ እጀታዋ የተሰነጠቀው ሌላዋ ወጣች። ለድልህ ጣሳውም እሷ ትሻላለች።