አላስካ ለመሄድ ካናዳን መርገጥ ግዴታ መሆኑ ይቅር

በሰመር ከሲያትል ወደብ ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች ወደ አላስካ ይነሳሉ። ሐበሻ በብዛት የሚኖርባት ከተማ ናትና ቤተሰብ ወይም ማኅበር ተሰባስቦ «ዘንድሮ አላስካ እንሂድ» ቢል አይገርምም።

መርከቧ የአላስካዎቹን ከተሞች ጁኖንና ኬችካንን አሳይታ ስትመለስ ግን ቀጥታ ሲያትል አትገባም። ካናዳ፣ ቪክቶሪያ ላይ ትቆማለች። ብዙ ጊዜ አመሻሽ ላይ ደርሳ እኩለ ሌሊት ገደማ ትነሳለች። የምትቆመው እ.ኤ.አ. በ1886 የወጣ ሕግ ስለሚያስገድዳት ነው።

ሕጉ የውጭ ባንዲራ የምታውለበልብ መርከብ መንገደኛን ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ወደ ሌላው እንዳታመላልስ ይከለክላል። ወደተነሳችበት የምትመለስ ከሆነ በመንገዷ አንድ የውጭ ወደብ መንካት አለባት። ከማያሚ ጭና ሎስ አንጀለስ የምታወርድ ከሆነ ደግሞ ሜክሲኮ አይበቃም፤ እንደ ኮሎምቢያዋ ካርታሄና ያለ ራቅ ያለ ወደብ ያስፈልጋል። መርከቧን ከነሠራተኞቿ ብትከራዩም ያው ነው። ሕጉ ባንዲራዋን እንጂ ተከራዩን አያይም።

ዓላማው የአሜሪካን መርከብ ሠሪና ባሕረኛ መጠበቅ ነው። ክፋት የለውም፤ በአየር መንገድም ብዙ አገሮች የውስጥ በረራቸውን ለባዕድ አይሰጡም። ግን እዚህ የሚጠበቀው ኢንዱስትሪ የት አለ? በአሜሪካ ባንዲራ ውቅያኖስ ላይ የምትሠራው ትልቅ የመዝናኛ መርከብ ሃዋይ ያለችው ፕራይድ ኦፍ አሜሪካ ብቻ ናት። እሷም ሚሲሲፒ ተጀምራ ጀርመን ያለቀች፣ በልዩ ፈቃድ የምትሠራ ናት።

ዕዳው የሚወድቀው መንገደኛው ላይ ነው። በ2024፣ በሐምሌ ወር፣ የአንድ ቤተሰብ ዘጠኝ አባላትን ኬችካን ላይ መርከባቸው ጥላቸው ሄደች። ከሲያትል ተሳፍረው ኬችካን እንደወረዱ ስለተቆጠረ ወደ 9,000 ዶላር ቅጣት መጣ። ቅጣቱ በሕግ የመርከቧ ቢሆንም ኩባንያዎች ወደ ተሳፋሪው ያዞሩታል።

እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ጥገኝነት ጠይቆ ቀጠሮ የሚጠብቀው ወገናችን ነገር ነው። አላስካ የአሜሪካ ግዛት ናት፤ «አገር ውስጥ ነው» ብሎ ቲኬት ይቆርጣል። ቪክቶሪያ መድረስ ግን ከአገር መውጣት ነው። አድቫንስ ፓሮል (ወጥቶ ለመመለስ አስቀድሞ የሚሰጥ ፈቃድ) ሳይዝ የወጣ አመልካች ጥያቄውን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። የስንት ዓመት ልፋት በአንድ ምሽት ሊበላሽ ነው። እባካችሁ ኬዛችሁ ያላለቀ ሰዎች፣ ጠበቃችሁን ሳታማክሩ አትሳፈሩ።

መላው ሩቅ አይደለም። በ2021 ካናዳ በኮሮና ምክንያት ወደቦቿን ስትዘጋ ኮንግረስ ጊዜያዊ ሕግ አወጣ፤ መርከቦቹም ቪክቶሪያን ሳይነኩ አላስካ ደርሰው ተመለሱ። የአሜሪካ ይዞታ ለሆነችው ደሴት ለፖርቶ ሪኮማ በ1984 ቋሚ መላ ተበጅቶለታል፤ በመስመሩ ላይ የሚሠራ የአሜሪካ መርከብ እስከሌለ ድረስ የውጭዎቹ መንገደኛ ማመላለስ ይችላሉ። ለአላስካም ይኸው ይደረግ። ተመጣጣኝ የአሜሪካ መርከብ በመጣ ቀን ክልከላው ይመለስ። ዋሽንግተን ስቴት ውስጥ ድምፅ የምትሰጡ ወገኖች፣ ይህን ለኮንግረስ ተወካያችሁ ጻፉ።